ያረጀ የጌም ኮምፒውተር ፕሮሰሰር መቀየር፦ ከምርጫው እስከ መጀመሪያው ማብራት

ፕሮሰሰር ቀይረው «ምንም ለውጥ አላየሁም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ስህተቶች አንዱን ሠርተዋል። ችግሩ የግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰር ገዝተዋል፤ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) አንድ ነው ብለው ማዘርቦርዱ የማያውቀውን ፕሮሰሰር አምጥተዋል፤ ወይም ባዮሱን (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳውን ውስጣዊ ፕሮግራም) ሳያድሱ አሮጌውን ነቅለው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። ሦስቱም የሚመጡት ቅደም ተከተል ከመዝለል ነው። ስለዚህ ደረጃ 3 ሳያልቅ ገንዘብ አታውጡ፤ ደረጃ 6 ሳያልቅ ካቻቪቴ አታንሱ።

## ከመጀመራችሁ በፊት በእጃችሁ ይኑር

- የመስቀል ካቻቪቴ ቁጥር 2
- ቴርማል ፔስት (1 ግራም ይበቃል፤ ቢሳሳቱ ለመድገም 2 ግራም ያዙ)
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይተካውም፣ ቅባት ይተዋል
- ክር የማይለቅ ጨርቅ
- 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ
- አንድ አዲስ ሲአር2032 የባዮስ ባትሪ
- ዩፒኤስ፣ የራሳችሁ ካልሆነ ለአንድ ሰዓት የተዋሳችሁት

ከፕሮግራም ሲፒዩ-ዜድ፣ ኤችደብሊውኢንፎ፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር እና ሲኒቤንች ይበቃሉ። አራቱም በነፃ ይገኛሉ።

## ደረጃ 1፦ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ መሆኑን አረጋግጡ

1. በአፍተርበርነር እነዚህ ጌሙ ላይ እንዲታዩ አድርጉ፦ የግራፊክስ ካርድ አጠቃቀም፣ የእያንዳንዱ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) አጠቃቀም፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና ፍጥነት፣ የራም አጠቃቀም፣ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ) እና ፍሬም ታይም (አንዱ ምስል የሚወስደው ጊዜ)።
2. ቪሲንክንና ማንኛውንም ሌላ የፍሬም ገደብ አጥፉ። ገደቡ ካልጠፋ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይታያል፤ እናንተም ፕሮሰሰሩን ያለጥፋቱ ትከሳላችሁ።
3. የሚያስቸግራችሁን ጌም፣ በሚያስቸግራችሁ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ተጫወቱ። ሜኑ ላይ ወይም ባዶ ሜዳ ላይ የተለካ ቁጥር አይጠቅምም፤ ሰውና መኪና የሚበዛበትን ከተማ ወይም ብዙ ተጫዋች የተፋፈገበትን ውጊያ ምረጡ።
4. ያያችሁትን ጻፉት። ከለውጡ በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ንባቡ እንዲህ ነው። ካርዱ ከ95 እስከ 99 በመቶ ላይ ከቆየ ፍሬሙን የያዘው ካርዱ ነው፤ እዚህ ላይ አቁሙና ገንዘባችሁን ለካርድ አስቀምጡ። ካርዱ በ50 እና በ80 መካከል እየተወዛወዘ አንድ ወይም ሁለት ኮር ከ90 በመቶ በላይ ከወጡ ግን ፕሮሰሰሩ ነው።

«ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሬ 45 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ቁጥር የሁሉም ኮሮች አማካይ ነው። ጌሙ ዋና ሥራውን አንድ ኮር ላይ ከጫነና ያ ኮር ከሞላ፣ የቀሩት ኮሮች ቢተኙም ፍሬሙ አይጨምርም። ማየት ያለባችሁ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የጌሙን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱ። ይህ የካርዱን ሥራ ያቀልላል፣ የፕሮሰሰሩን ግን አይነካም። ፍሬሙ ከፍ ካለ ካርዱ ነበር፤ ባለበት ከቆመ ፕሮሰሰሩ ነው።

### ፕሮሰሰር የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ሙቀት። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ፍጥነቱ ሲወርድ ካያችሁ፣ ምናልባት ያረጀው ፔስቱ ብቻ ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ያልተነካ ፔስት ይደርቃል፣ የማቀዝቀዣው ክንፎችም በአቧራ ይታፈናሉ። አጽዱ፣ ፔስት ቀይሩ፣ እንደገና ለኩ።

ነጠላ ራም። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካበት ኮምፒውተር ግማሽ መንገድ ተዘግቶበታል፤ በተለይ ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። በሲፒዩ-ዜድ የሜሞሪ ገጽ ላይ ቻናሉን ተመልከቱ። ሁለት ራም ኖሯችሁም ነጠላ ካለ ተሳስተው ተሰክተዋል፤ አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ አድርጓቸው።

ያልበራ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራ የባዮስ ቅንብር)። 3200 የተባለ ራም ባዮሱ ውስጥ ካልታዘዘ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ሲፒዩ-ዜድ ግማሹን ስለሚያሳይ 3200 የሚሠራ ራም 1600 ሆኖ ይነበባል፤ 1066 ካያችሁ በ2133 እየሄደ ነው።

ሃርድ ዲስክ። አዲስ ቦታ ስትገቡ ብቻ የሚንገጫገጭ ጌም የሚጠብቀው ዲስኩን ነው። በመጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ።

ከእነዚህ አንዱን ካስተካከላችሁ ልኬቱን ከመጀመሪያው ድገሙት። ፕሮሰሰር ለመግዛት ከመጡት ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ አንድ ራም ጨምረው ይመለሳሉ።

## ደረጃ 2፦ ያላችሁን መዝግቡ

በሲፒዩ-ዜድ የሜይንቦርድ ገጽ ላይ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም፣ ቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ተቆጣጣሪ ቺፕ) እና የባዮሱን ቁጥርና ቀን ጻፉ። ከዚያ ኬዙን ከፍታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሪቪዥን 1.0 እና 2.0 ስማቸው አንድ ሆኖ ባዮሳቸው ሊለያይ ይችላል።

የራሙን ዓይነት (ዲዲአር3 ወይስ ዲዲአር4)፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና የማቀዝቀዣውን ዓይነትም ጨምሩ።

## ደረጃ 3፦ ማዘርቦርዱ ምን እንደሚቀበል እወቁ

የሶኬት ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሶኬት፣ ቺፕሴትና ባዮስ ሦስቱም መስማማት አለባቸው።

### ኢንቴል

ኤልጂኤ 1155 እና 1150 (የሶኬት ስሞች ናቸው፤ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ትውልድ)። ራሙ ዲዲአር3 ነው። አይ5-4590 ያለው ሰው ወደ አይ7-4770 ወይም 4790 ቢሄድ ከ4 ትሬድ (ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ወደ 8 ይደርሳል፤ መንገጫገጩ ይቀንሳል። ይህን የማደርገው ያገለገለው አይ7 እጅግ ርካሽ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዝግ ነውና።

ኤልጂኤ 1151። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። በአንድ ስም ሁለት የማይገናኙ ቤተሰቦች አሉ። ኤች110፣ ቢ150፣ ቢ250፣ ዜድ170 እና ዜድ270 የሚቀበሉት 6ኛና 7ኛ ትውልድ ነው። ኤች310፣ ቢ360፣ ቢ365፣ ዜድ370 እና ዜድ390 የሚቀበሉት 8ኛና 9ኛ ትውልድ ነው። አይ5-9400ኤፍ ቢ250 ላይ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ነገር ግን አይነሳም። ስለዚህ አይ5-6500 ወይም 7500 ላላችሁ ጣሪያው አይ7-6700 ወይም 7700 ነው። አይ3-8100 ወይም አይ5-8400 ላላችሁ አይ7-8700 (6 ኮር፣ 12 ትሬድ) ወይም አይ7-9700 (8 ኮር፣ 8 ትሬድ) አለ። ኤች310 ላይ ግን በኬ የሚያልቁትን ተዉ፤ የኃይል ክፍሉ ደካማ ስለሆነ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ኤልጂኤ 1200። 10ኛና 11ኛ ትውልድ። ኤች410 እና ቢ460 በመደበኛው ከ10ኛው አያልፉም። ከአይ3-10100 ወደ አይ7-10700 መሄድ ጥሩ እርምጃ ነው።

ኤልጂኤ 1700። ከ12ኛ እስከ 14ኛ። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ በእነዚህ ትውልዶች ላይ ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ የተነሳ ፕሮሰሰሩ እየተዳከመ ጌም የሚዘጋበት ችግር ነበር። ኢንቴል በ2024 የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ሆኖም ማስተካከያው አስቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር አያድንም።

### ኤኤምዲ

ኤኤም3+፦ ፕሮሰሰር አትግዙ፣ ስብስቡን ቀይሩ።

ኤኤም4፦ ዕድለኞች ናችሁ። በ2017 ራይዘን 5 1600 የገባበት ቢ350 ማዘርቦርድ፣ ባዮሱ ከታደሰ፣ የ5000 ተከታታይን ሊቀበል ይችላል። ቢ450 እና ኤክስ470 ከ2021 ጀምሮ፣ ኤ320፣ ቢ350 እና ኤክስ370 ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ድጋፉ ተከፍቶላቸዋል። «ሊቀበል ይችላል» ማለታችን በምክንያት ነው፦ ባዮሱን የሚያወጣው የማዘርቦርዱ አምራች ስለሆነ፣ የእናንተ ሞዴል ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም ተጽፎ ካላያችሁት የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በተቃራኒው አቅጣጫ አይሠራም። ቢ550 የ1000 ተከታታይን አይቀበልም። ማዘርቦርድ ቀድማችሁ ገዝታችሁ አሮጌውን 1600 ለጊዜው ልጠቀም ብትሉ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ።

### የቢሮ ኮምፒውተር ጌም የሆነላችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎች የሚጀምሩት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝተው ካርድ በመጨመር ነው። በእነዚህ ላይ ሦስት ነገር እወቁ። ፓወር ሰፕላያቸው ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፣ የማዘርቦርዱ የኃይል ገመድም በብዙዎቹ ላይ የተለመደው ባለ 24 እግር አይደለም። ማዘርቦርዱ ለኬዙ የተቆረጠ ስለሆነ ሌላ ኬዝ ውስጥ አይገጥምም። ባዮሱም አምራቹ ከዘረዘራቸው ፕሮሰሰሮች ውጭ ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ በዚያው ሞዴል ላይ ከፋብሪካ ሲሸጥ የነበረውን ከፍተኛውን ባለ 65 ዋት አይ7 ፈልጉ፤ ከዚያ በላይ አትመኙ። በቲ የሚያልቅ (ለምሳሌ አይ7-6700ቲ) 35 ዋት የሆነ ቀርፋፋ ዓይነት ነው፤ ርካሽ መሆኑ አያጓጓችሁ።

### መቼ ነው ስብስቡን መቀየር የሚሻለው?

የፕሮሰሰሩና የማቀዝቀዣው ዋጋ ከሙሉ ስብስብ (ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም) ዋጋ ግማሹን ካለፈ፣ ሶኬቱም ወደፊት የማይሄድ ከሆነ ተዉት። ሌላው መለኪያ ዊንዶውስ 11 ነው። ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከራይዘን 2000 ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል። ለአይ7-7700 ብዙ ብር መክፈል የማያዋጣው በዋናነት ለዚህ ነው።

ስብስብ ስትቀይሩ የድሮውን ዲዲአር4 ራም ማዳን ይቻላል፦ ኤልጂኤ 1700 ማዘርቦርዶች ዲዲአር4 የሚወስዱም ዲዲአር5 የሚወስዱም አሉ። ኤኤም5 ግን ዲዲአር5 ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ ከኤኤም4 ውስጥ ምረጡ

ከዚህ በታች ያለው ቁጥሩን ሳይሆን ውስጡን አይቶ ለመምረጥ ነው። ለጌም ከኮር ብዛት ይልቅ ኤል3 ካሽ የሚባለው የውስጥ ማከማቻ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ የኤኤምዲ ስሞች ደግሞ ይህን ይደብቃሉ።

- ራይዘን 5 5600፦ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 32 ሜጋባይት ካሽ፣ 65 ዋት። ካርዳችሁ ጂቲኤክስ 1060፣ 1660፣ አርኤክስ 580 ወይም አርቲኤክስ 3060 ከሆነ ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልግም።
- ራይዘን 5 5600ኤክስ፦ ያው ነው፣ በትንሹ ፈጠን ይላል። የዋጋ ልዩነት ካለ 5600ን ያዙ።
- ራይዘን 5 5500፦ ስሙ ቢቀርብም ካሹ 16 ሜጋባይት ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስም (ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) 3.0 ላይ ይቆማል። ከ5600 በግልጽ ካልረከሰ አትውሰዱት።
- ራይዘን 5 5600ጂ፦ 16 ሜጋባይት ካሽ፤ ጂ ማለት በውስጡ ግራፊክስ አለ ማለት ነው። ለብቻው ካርድ ላለው ሰው ከ5600 ይዘገያል።
- ራይዘን 7 5700፦ ያለ ኤክስ የተጻፈው ይኸኛው ነው ወጥመዱ። 8 ኮር አለው፣ ካሹ ግን 16 ሜጋባይት ነው።
- ራይዘን 7 5700ኤክስ፦ 8 ኮር፣ 32 ሜጋባይት፣ 65 ዋት። ጌም እየተጫወታችሁ በቀጥታ የምታስተላልፉ ወይም ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ተገቢ ነው። 5800ኤክስ ጌም ላይ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ 105 ዋት ስለሆነ ግን በጣም ይሞቃል።
- ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ እና 5800ኤክስ3ዲ፦ 96 ሜጋባይት ካሽ። ካርዳችሁ አርቲኤክስ 3070 ወይም አርኤክስ 6700 ኤክስቲና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሞኒተራችሁም 144 ኸርዝ ከሆነ ትርፉ ይታያል። በጂቲኤክስ 1060 ላይ መጫን የአህያ ጭነት በፈረስ ኮርቻ ነው፤ ካርዱ ራሱ ስለሚሞላ ካሹ ሥራ አያገኝም።

ከ1600 ወደ 3600 መሄድስ? በነፃ ካልመጣ በስተቀር ዝለሉት። ማዘርቦርዱ 3600ን ከተቀበለ 5600ንም የመቀበል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ጌም ላይ ይሰማል።

## ደረጃ 5፦ ማቀዝቀዣና ኃይል

ባለ 65 ዋቱ ራይዘን ሲጫን እንደ ሞዴሉ ከ76 እስከ 88 ዋት፣ ባለ 105ቱ እስከ 142 ዋት ይስባል። 5600 በካርቶኑ ውስጥ ሬይዝ ስቴልዝ የተባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ አብሮት ይመጣል። 5700ኤክስና 3ዲዎቹ ምንም አይዙም፤ ቢያንስ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ግንብ መሰል ማቀዝቀዣ ጨምራችሁ አስሉ። ቁመቱ ከኬዙ እንዳያልፍ ለኩ።

ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ውስጥ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ያነሰ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ በኢንተርኔት የምታዩት የሙቀት ቁጥር ላይ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩ። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት አስቡ።

ወደ ኤልጂኤ 1700 የምትዘልሉ ከሆነ የቀድሞው ማቀዝቀዣ ቀዳዳው አይገጥምም (ከ75 ወደ 78 ሚሊሜትር ሰፍቷል)፤ ማያያዣ ጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ ግዢውና ባዮሱ

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ሙሉውን ስም ከነመጨረሻው ፊደል በጽሑፍና በፎቶ ላኩለት። «5600 አምጣልኝ» ከተባለ 5600ጂ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ኢንቴል ከሆነ ኤፍ ማለት የውስጥ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ካርድ ካላችሁ ችግር የለም።

ያገለገለ ስትገዙ፦

1. የኤኤም4ን እግሮች በስልክ መብራት በጎን እዩ። 1,331 እግር ነው ያለው፤ መስመሩ ሲታይ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የተሰበረ ካለ ተዉት።
2. ከላይ የታተመውን ስም አንብቡ። ከስሙ ይልቅ «ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የሙከራ ናሙና ነው፤ ብዙ ማዘርቦርድ አይቀበለውም።
3. ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሲፒዩ-ዜድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሲኒቤንችን 10 ደቂቃ አስኬዱ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

### ባዮሱን አሮጌው ፕሮሰሰር ተሰክቶ ሳለ አድሱ

1. በማዘርቦርዱ አምራች ገጽ የእናንተን ሞዴልና ሪቪዥን ክፈቱ። ከፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የገዛችሁትን ፈልጉና ከጎኑ የተጻፈውን ዝቅተኛ የባዮስ ቁጥር መዝግቡ።
2. የእያንዳንዱን ባዮስ ማስታወሻ አንብቡ። አንዳንዱ «በመጀመሪያ ይህን መካከለኛ ባዮስ ጫኑ» ይላል። ሳታነቡ ብትዘልሉ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ሌላው ደግሞ አዲሱ ባዮስ የድሮ ፕሮሰሰሮችን ድጋፍ እንደሚያነሳ ይናገራል፤ የእናንተ አሮጌ ፕሮሰሰር ከተነሱት ውስጥ ከሆነ መመለሻ እንደሌለ አውቃችሁ ግቡ።
3. ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) በርቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ከበራ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ገልብጡ፣ ከዚያ ለጊዜው አቁሙት። ፕሮሰሰር ሲቀየር ውስጡ ያለው የደኅንነት ቁልፍ አብሮ ይሄዳል፤ ቁልፉ በወረቀት ከሌለ ዲስካችሁ ተቆልፎ ይቀራል።
4. ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፤ የወረደውን ፋይል ከዚፕ አውጥታችሁ ገልብጡ።
5. ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። መብራት በመሃል ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ግማሽ የተጻፈ ባዮስ ይዞ ይቀራል። ዩፒኤስ ካልተገኘ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትሞክሩት፤ ጄኔሬተር ሊቀየር ሲል ደግሞ ጭራሽ።
6. ባዮስ ግቡ (ዲሊት ወይም ኤፍ2)፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሱ፣ ከዚያ የማደሻውን ክፍል ክፈቱ፦ አሱስ ላይ ኢዜድ ፍላሽ፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤም-ፍላሽ፣ ጊጋባይት ላይ ኪው-ፍላሽ፣ አስሮክ ላይ ኢንስታንት ፍላሽ ይባላል። በዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ አታድሱ።
7. እስኪጨርስ አትንኩት። ስክሪኑ ጥቂት ደቂቃ ቢጠቁርም፣ ራሱን አንድ ሁለት ጊዜ ቢያጠፋና ቢያበራም ታገሡ።

ከተበላሸ፦ ማዘርቦርዱ ጀርባ ላይ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ካለ፣ ፋይሉን መመሪያው በሚለው ስም ሰይማችሁ በተሰየመው የዩኤስቢ ቦታ ሰክታችሁ ቁልፉን ተጫኑ፤ ፕሮሰሰር ባይኖርም ይሠራል። ቁልፉ ከሌለ ሲኤች341ኤ የተባለ ማንበቢያ ያለው የጥገና ባለሙያ ቺፑን በቀጥታ ይጽፈዋል። የሞባይል ጥገና የሚሠሩ ብዙዎች ይህን መሣሪያ ያውቁታል።

## ደረጃ 7፦ መንቀልና መትከል

1. ጌም ወይም ሲኒቤንች 10 ደቂቃ አስኬዱ። ፔስቱ እንዲለሰልስ ነው፤ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።
2. አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያዙ። የብረት ኬዙን ነክታችሁ የሰውነታችሁን ስታቲክ አውጡ።
3. የማቀዝቀዣውን ብሎኖች በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ፍቱ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት፤ ቀጥታ ወደ ላይ አትሳቡት። ኤኤም4 ላይ ቀጥታ ከሳባችሁ ፕሮሰሰሩ ተቆልፎ እያለ ከማቀዝቀዣው ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ እግሩም ይታጠፋል።
4. የሶኬቱን ዘንግ አንሱ፣ ፕሮሰሰሩን በጎኖቹ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ኢንቴል ከሆነ እግሮቹ ሶኬቱ ውስጥ ናቸው፤ ጨርቅም ጣትም አይንካቸው።
5. የአዲሱን የወርቅ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተካክላችሁ በራሱ ክብደት እንዲገባ ልቀቁት። ካልገባ አትጫኑ፤ አንስታችሁ አቅጣጫውን እዩ። ከገባ በኋላ ዘንጉን ዝጉ።
6. ማቀዝቀዣውን በአልኮል አጽዱ። በፕሮሰሰሩ መሃል የአተር ግማሽ የምታህል ፔስት አድርጉ። አዲስ ማቀዝቀዣ ላይ ከፋብሪካ የተቀባ ፔስት ካለ ሌላ አትጨምሩ፤ ስር ያለውን ፕላስቲክ መሸፈኛም ንቀሉ። ይህን ፕላስቲክ ረስቶ 95 ዲግሪ ያየ ሰው ብዙ ነው።
7. ብሎኖቹን በሰያፍ አጥብቁ። ሬይዝ ስቴልዝ ከሆነ የማዘርቦርዱ ፕላስቲክ ማያያዣዎች መነሳት አለባቸው፤ ስታነሱ የጀርባው ብረት እንዳይወድቅ በእጃችሁ ደግፉት።
8. የፋኑን ገመድ «ሲፒዩ ፋን» በተጻፈበት ቦታ ሰኩ።

እግር ከታጠፈ፦ ቀጭን የባንክ ካርድ ጠርዝ በመስመሮቹ መካከል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አቃኑ። አንዱን እግር ከሁለት ጊዜ በላይ አታመላልሱት፤ ይሰበራል።

## ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ማብራት

ስክሪኑ ወዲያው ካልመጣ አትደንግጡ። ማዘርቦርዱ ራሙን ከአዲሱ ፕሮሰሰር ጋር ሲያለማምድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ሊቆይ፣ ራሱንም ደጋግሞ ሊያጠፋ ይችላል። አምስት ደቂቃ ስጡት።

ኤኤምዲ ላይ «አዲስ ፕሮሰሰር ተገኝቷል» የሚልና ስለ ኤፍቲፒኤም (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የደኅንነት ክፍል) የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ፣ የቢትሎከር ቁልፉ በእጃችሁ ከሆነ ወይም ቢትሎከር ካልነበረ የዋይ (Y) ቁልፍን ተጫኑ። የቢትሎከር ቁልፉ ከሌላችሁ የኤን (N) ቁልፍን ተጫኑ፣ አጥፉ፣ አሮጌውን መልሳችሁ ቁልፉን አውጡ።

አምስት ደቂቃ አልፎ ምንም ከሌለ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሰካቱን እዩ።
2. ከማዘርቦርዱ በላይ በኩል ያለውን ባለ 8 እግር የፕሮሰሰር የኃይል ገመድ ነቅላችሁ ሰኩ። ማቀዝቀዣ ስትታገሉ በጣም የሚላላው ይህ ነው።
3. አንድ ራም ብቻ 2ኛው ቦታ ላይ አድርጉ።
4. ገመዱን ነቅላችሁ የባዮሱን ባትሪ ለ5 ደቂቃ አውጡ። ካረጀ በአዲሱ ተኩ።
5. ማቀዝቀዣውን በጥቂቱ ላላ አድርጉት። ከመጠን በላይ መጥበቅ ራሙ እንዳይነበብ ሊያደርግ ይችላል።
6. አሁንም ካልተነሳ አሮጌውን መልሱ። በአሮጌው ከተነሳ የባዮሱን ቁጥር አረጋግጡ፤ ማደሱ አልተሳካም ማለት ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 9፦ ከተነሳ በኋላ

ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ስለተመለሰ ኤክስኤምፒ ጠፍቷል፤ መልሳችሁ አብሩት። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 የምትጫወቱ ከሆነ ኤፍቲፒኤም እና ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል የባዮስ ቅንብር) መብራታቸውን እዩ፤ ያለበለዚያ ጌሙ አይከፈትም። ዊንዶውስን እንደገና መጫን አያስፈልግም፣ የቺፕሴት ድራይቨሩን ከኤኤምዲ ወይም ከኢንቴል ገጽ አውርዳችሁ አድሱ።

ሲኒቤንችን 10 ደቂቃ አስኬዱና ሙቀቱን ተመልከቱ። ራይዘን 5000 እንደ ሞዴሉ በ90 ወይም በ95 ዲግሪ ራሱን ይገድባል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እዚያ ከደረሰ ፔስቱ አልነካም ወይም ብሎኑ እኩል አልጠበቀም፤ ፈትታችሁ የፔስቱን አሻራ እዩ። ጌም ላይ ከ60 እስከ 80 መሆን የተለመደ ነው።

በመጨረሻም ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ፣ በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅንብር ለኩ። ካርዱ አሁን ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው የካርድ ጉዳይ ነው። ካርዱ አሁንም 60 ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሲፒዩ-ዜድን ክፈቱና ራሙ 1066 ላይ እንዳልቀረ እዩ።